ክሊኒካል ሪሰርች ማስተርስ ላይ ዘርፍ እንዴት ይመረጣል?

ክሊኒካል ሪሰርች (በሰዎች ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምር) ለመማር ያመለከተ ሰው ሁሉ፣ ቶሎም ይሁን ዘግይቶ፣ አንድ ዝርዝር ፊቱ ይቀመጣል። የትራያል (የሕክምና ሙከራ) ማኔጅመንት፣ ባዮስታቲስቲክስ፣ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ሬጉላቶሪ አፌርስ፣ የመድኃኒት ደኅንነት፣ ዳታ ማኔጅመንት፣ ባዮኤቲክስ፣ ትራንስሌሽናል ሪሰርች። ከነዚህ አንዱን ምረጥ ይባላል። የሁሉም ስም ከበድ ያለ ነው። ምክር ሲጠየቅ ደግሞ ሁሉም የራሱን ያወድሳል፤ ስታቲስቲክስ የተማረው «ያለ ቁጥር ምርምር የለም» ይላል፣ ሬጉላቶሪ የሚሠራው «ገንዘቡ እኛ ጋ ነው» ይላል፣ ተማሪው መሀል ላይ ግራ ተጋብቶ ይቀራል።

የኔ ምክር አጭር ነው። ስሙን ተዉትና ሥራውን እዩ። የዚያ ዘርፍ ሰው ጠዋት ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ይከፍታል? ቀኑን ሙሉ ምን ዓይነት ሰነድ ሲያገላብጥ ይውላል? ከማን ጋር ነው የሚጨቃጨቀው? ሲሳሳት ማን ይጎዳል? እነዚህን መመለስ ካልቻላችሁ ገና ለመምረጥ አልደረሳችሁም ማለት ነው፤ ችግር የለውም፣ ማወቂያ መንገድ አለ።

(ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ሙከራ ከዳር እስከ ዳር ይታያችሁ

አንድ አዲስ የደም ግፊት መድኃኒት አለ እንበል። በላብራቶሪና በእንስሳት ተሞክሮ አልፏል። ፌዝ 1 (የመጀመሪያው ምዕራፍ) ላይ ከ20 እስከ 100 ለሚሆኑ ሰዎች ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ፌዝ 2 እስከ ጥቂት መቶ ሕሙማን ይደርሳል። ፌዝ 3 በተለምዶ ከ300 እስከ 3,000 ሰው ያሳትፋል። መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ የሚካሄደው ጥናት ፌዝ 4 ይባላል። ቁጥሩ እንደ በሽታው ይለያያል፤ ብርቅ ለሆነ በሽታ ይህን ያህል ሕመምተኛ ከየት ይመጣል?

አሁን ፌዝ 3ን ብቻ ውሰዱ። ፕሮቶኮሉን (የጥናቱን ዝርዝር ዕቅድ) የሚጽፍ ሰው አለ። ስንት ተሳታፊ እንደሚያስፈልግ የሚያሰላ አለ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት የሚቀርብ፣ ከመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚያወጣ አለ። ሕመምተኛውን አስቀምጦ ጥናቱን የሚያስረዳና ፈቃዱን የሚጠይቅ አለ። በየሆስፒታሉ እየዞረ መዝገቡን ከዳታው ጋር የሚያመሳክር አለ። «ይሄ የልደት ቀን እንዴት ከምርመራው ቀን በኋላ ሆነ?» ብሎ ጥያቄ የሚልክ አለ። አንድ ተሳታፊ በድንገት ሆስፒታል ቢተኛ፣ መድኃኒቱ ነው ወይስ ሌላ ነገር ብሎ የሚመረምር አለ። ዳታው ተቆልፎ ማን ምን እንደወሰደ ሲገለጥ ትንተናውን የሚሠራ አለ፣ ሪፖርቱን የሚጽፍ አለ፣ ፋይሉን አሰናድቶ ለተቆጣጣሪው የሚያስገባ አለ።

ዘርፍ ምረጡ ሲባል እንግዲህ ከነዚህ ወንበሮች የትኛው ላይ ለዓመታት መቀመጥ ትችላላችሁ ማለት ነው።

የትራያል ማኔጅመንት

ከሰው ጋር መሥራት ለሚወድ፣ ቀጠሮ ለማይረሳ፣ ወረቀት ለማይሰለቸው የሚሆን ነው። ኮኦርዲኔተሩ ሆስፒታል ውስጥ ከሕሙማን ጋር ይውላል፤ ሞኒተሩ በስፖንሰሩ (ጥናቱን በሚያስጠናው ኩባንያ ወይም ድርጅት) በኩል ሆኖ በየጣቢያው (ጥናቱ በሚካሄድበት ቦታ ሁሉ) እየዞረ ሥራው በፕሮቶኮሉ መሠረት መሄዱን ያያል። የሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስ ጂሲፒ (የመልካም ክሊኒካል አሠራር መመሪያ) ነው፤ ይኸው ዓለም አቀፍ መመሪያ በ1996 ወጥቶ፣ በ2016 ተሻሽሎ፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ሦስተኛው እትም ጸድቋል። የምትማሩበት ፕሮግራም ዛሬም አሮጌውን እትም ብቻ እያስተማረ ከሆነ ኮርሱ አልታደሰም ማለት ነው፤ ልብ በሉት።

በዚህ ሙያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ አባባል አለ፤ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ይህን ስትሰሙ «ኧረ ምን ጣጣ ነው» ካላችሁ ዘርፉ የናንተ አይደለም። «ልክ ነው፣ እንዲያውም ቀኑና ፊርማውም ይጨመር» ካላችሁ ደግሞ ቤታችሁ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚለመደው ሥራ ላይ ነው። አሁን ኮኦርዲኔተር ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ማስተርሳችሁን በዚሁ ላይ ማዋል የምታውቁትን ነገር ከፍላችሁ እንደገና መማር ሊሆን ይችላል። ለእናንተ የሚሻለው የጎደላችሁን መጨመር ነው፤ ስታቲስቲክስ ወይም ሬጉላቶሪ። ከላብራቶሪ ወይም ከሌላ ትምህርት የመጣና ትራያል በዓይኑ ያላየ ሰው ግን እዚህ ቢገባ ያተርፋል፣ ኮርሱ ከእውነተኛ ጣቢያ ጋር የተግባር ልምምድ ካለው።

ባዮስታቲስቲክስ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው በፍርሃት የሚሸሸውም፣ ሳያስብበት የሚመርጠውም እሱን ነው።

በ1980ዎቹ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባቸው የተረፉና የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎች ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ይሰጣቸው ነበር። መድኃኒቶቹ የተዛባውን ምት በግልጽ ያረጋጋሉ። ምቱ ከተረጋጋ ሞትም ይቀንሳል ተብሎ ታመነ። ካስት የተባለው ጥናት ሕሙማኑን በዕጣ ከፍሎ ከፕላሴቦ (መድኃኒት ከሌለበት አስመሳይ ክኒን) ጋር ሲያወዳድር፣ በ1989 የታየው ተቃራኒው ሆነ። መድኃኒቱን የወሰዱት ይበልጥ ይሞቱ ነበር። ምቱ ተስተካክሎ ሰውየው ይሞታል።

የባዮስታቲስቲክስ እውነተኛ ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ምን ይለካ፣ ከምን ጋር ይወዳደር፣ ስንት ሰው ይበቃል፣ ውጤቱ በአጋጣሚ ቢሆንስ የሚለውን ዳታው ከመታየቱ በፊት መወሰንና መጻፍ። ከታየ በኋላ መወሰን ማጭበርበሪያ በር ይከፍታል። ስለዚህ ይህ ሥራ ግማሹ ክርክር ነው። ከሐኪሙ ጋር፣ ከስፖንሰሩ ጋር፣ «አይሆንም፣ ይህን ቁጥር እንዲህ ማለት አንችልም» ማለት መቻል ይፈልጋል።

ግማሹ ደግሞ ኮድ ነው። ሳስ ወይም አር በሚባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ላይ ቁጭ ብሎ መዋል። ክርክሩን የሚወድ፣ ኮዱን ግን የሚጠላ ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ኤፒዲሚዮሎጂ ወይም የጥናት ንድፍ ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል። ፈተናው ቀላል ነው። አር በነፃ ይጫናል። ማንኛውንም ክፍት ዳታ አውርዱና አንድ ቅዳሜና እሑድ ሠንጠረዥና ግራፍ ለማውጣት ታገሉ። ስህተት ሲመጣ መንስኤውን ለማወቅ ከጓጓችሁ ግቡበት፤ ኮምፒውተሩን ለመወርወር ከዳዳችሁ አስቡበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በክሊኒካል ሪሰርች ዲግሪ ውስጥ ያለ የስታቲስቲክስ ዘርፍ ብዙ ጊዜ ሙሉ ስታቲስቲሺያን አያደርግም። የመድኃኒት ኩባንያዎች ለስታቲስቲሺያን ቦታ ሲቀጥሩ ብዙውን ጊዜ በስታቲስቲክስ ወይም በባዮስታቲስቲክስ ራሱን የቻለ ዲግሪ ይጠይቃሉ። ሐኪም ሆኖ የራሱን ጥናት መንደፍና መረዳት ለሚፈልግ ሰው ዘርፉ ግሩም ነው። ሙያዬ ይሁን የሚል ግን ዲግሪውን ራሱን መቀየር አለበት፣ እሱም አሁን እንጂ ሁለተኛ ዓመት ላይ አይደለም።

እና ደግሞ፣ ከሒሳብ ለመሸሽ ብላችሁ ሌላ ዘርፍ አትምረጡ። አታመልጡም። የትም ብትገቡ ጽሑፍ አንብባችሁ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ውጤት ሊሆን የሚችልበት የቁጥር ክልል) ምን እንደሚል መናገር ይጠበቅባችኋል።

ኤፒዲሚዮሎጂ

ሁሉን ጥያቄ በዕጣ መድቦ መመለስ አይቻልም። ሲጋራ አጭሱ ብሎ ማን በዕጣ ይመድባል? ኤፒዲሚዮሎጂስቱ ሰዎች በገዛ ሕይወታቸው ከሚያደርጉት ነገር ላይ ምክንያትና ውጤትን ለመለየት ይታገላል። ትግሉም ቀላል አይደለም። ከማረጥ በኋላ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች የልብ ሕመም እንደሚያንሳቸው ብዙ የክትትል ጥናቶች አሳይተው ነበር። ከዚያ ውመንስ ሄልዝ ኢኒሺዬቲቭ በሚባለው ትልቅ ጥናት 16,608 ሴቶች በዕጣ ተመድበው ሲታዩ፣ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባሉት ሆርሞኖች አንድ ላይ የተሰጡበት ክፍል በ2002 ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ፤ የጡት ካንሰር ጨምሯል፣ ልብንም አልጠበቀም። ለልዩነቱ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ ቀድሞ ሆርሞን ይወስዱ የነበሩት ሴቶች ከመነሻው የተሻለ ጤናና ኑሮ የነበራቸው መሆኑ ነው።

«ምናልባት ሌላ ምክንያት ቢኖርስ?» የሚል ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ይህ ዘርፍ ይስማማችኋል። አሁን አሁን ከሆስፒታል መዝገብና ከኢንሹራንስ ፋይል የሚገኝ ዳታ እየበዛ ስለመጣ ከሕዝብ ጤና ውጭም ይፈለጋል፤ የመድኃኒት ኩባንያዎች ጭምር ይቀጥራሉ። የሚጎድለው ነገር፣ ውጤቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ቶሎ የሚያልቅ ሥራ የሚወድ ይሰለቻል።

ሬጉላቶሪ አፌርስ

ከዝርዝሩ ሁሉ በጣም አሰልቺ መስሎ የሚታየው ይሄ ነው። ግን አስቡት። ታሊዶማይድ በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለሽያጭ ቀረበ፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 ከገበያ እስኪነሳ ድረስ በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የአካል ጉዳት ይዘው ተወለዱ። አሜሪካ ላይ ፍራንሲስ ኬልሲ የተባለች የኤፍዲኤ (የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ገምጋሚ፣ የቀረበው ማስረጃ አይበቃም ብላ ኩባንያው ቢወተውታትም ፈቃዱን ይዛ ቆየች። ማስረጃ አንብቦ «አይበቃም» ማለት፤ የሬጉላቶሪ ሥራ በአንደኛው ወገን ይህ ነው። በሌላኛው ወገን፣ በኩባንያው በኩል፣ የሚበቃ ማስረጃ አሰናድቶ ማቅረብ ነው። በ1962 የወጣው የአሜሪካ ሕግ መድኃኒት መሥራቱ በጥናት እንዲረጋገጥ አስገድዷል፤ ዛሬ የምትጽፉት የፋይል ክምር ሥሩ እዚያ ነው።

በጥንቃቄ ማንበብና በግልጽ መጻፍ የሚችል ሰው እዚህ ይከብራል። ከመምረጣችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ፕሮግራሙ የየትኛውን አገር ሕግ ነው የሚያስተምረው? የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 ጀምሮ በራሱ የክሊኒካል ትራያል ደንብ ይሠራል፣ አሜሪካ የራሷ አላት፣ ሌላውም እንዲሁ። የምትሠሩበት አገር ሌላ ከሆነ የተማራችሁት ግማሹ ላይጠቅም ይችላል። በአይሲኤች (የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎችና ኩባንያዎች በጋራ በሚመክሩበት ዓለም አቀፍ ጉባኤ) የተስማሙባቸው የጋራ መመሪያዎች ግን ብዙ ቦታ ይሠራሉ፤ እነሱ ላይ የሚያተኩር ፕሮግራም ይመረጣል።

የመድኃኒት ደኅንነት

ለፋርማሲስት፣ ለነርስና ለሐኪም ከተማሩት ብዙ ሳይርቁ የሚገቡበት በር ነው። እዚህ ቤት ቀነ ገደብ ቀልድ አያውቅም። በሙከራ ላይ ያልተጠበቀ፣ ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ ሞት ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳት ከደረሰ ለተቆጣጣሪው በ7 ቀን ውስጥ መነገር አለበት፤ ሌላው ከባድና ያልተጠበቀ ጉዳት በ15 ቀን። ጭንቀት የማይችል ሰው ይህን ያስብ።

ሳይንሱ ግን ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ይጥማል። አንድ ትራያል ላይ 3,000 ሰው ወስዶት አንድ ጉዳት አንዴም ካልታየ፣ ጉዳቱ የለም ማለት አይደለም፤ ከ1,000 ሰው አንዱን ሊያገኝ የሚችል ችግር እንኳ ሳይታይ ሊያመልጥ ይችላል። ለዚህ ነው ክትትሉ ገበያ ላይ ከዋለም በኋላ የማይቆመው። ቫዮክስ የተባለው የሕመም ማስታገሻ በ1999 ተፈቅዶ፣ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋ እንደሚጨምር ታይቶ በ2004 ከገበያ የወጣው ሚሊዮኖች ከወሰዱት በኋላ ነው።

የቀሩት ሦስቱ፣ ቶሎ ቶሎ

ዳታ ማኔጅመንት፦ ቅጹን መንደፍ፣ ዳታውን ማጽዳት፣ ሲዲስክ በሚባለው የጋራ ደረጃ ማሰናዳት። ሥርዓት የሚወድ ሰው ይመቸዋል፤ ከቤት ሆኖ ለመሥራትም ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል አለው። ኮድ መጻፍ ከጨመራችሁበት ዋጋችሁ በጣም ይጨምራል።

ባዮኤቲክስ፦ ከ1947ቱ የኑረምበርግ ኮድ፣ ከ1964ቱ የሄልሲንኪ መግለጫና ከ1979ኙ የቤልሞንት ሪፖርት፣ ማለትም የምርምር ሥነ ምግባር መሠረት ከሆኑ ሰነዶች ጋር ትውላላችሁ። ትምህርቱን ሁሉም ሰው ሊማረው ይገባል። እንደ ብቸኛ ሙያ ግን ቦታው ጠባብ ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር አጣምሩት።

ትራንስሌሽናል ሪሰርች፦ ላብራቶሪና ሕሙማንን የሚያገናኝ ነው። በ2006 ለንደን ውስጥ ቲጂኤን1412 የተባለውን መድኃኒት የወሰዱ 6 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በጠና ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፤ መጠኑ በእንስሳት ላይ ደኅና ከተባለው 500 ጊዜ ያነሰ ነበር። የመጀመሪያው ሰው ላይ ምን እንደሚሆን ሳይታይ ተራ በተራ በደቂቃዎች ልዩነት ነበር የተሰጣቸው። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚደረገው ይህ ዝላይ የሚስባችሁ ከሆነ፣ በተለይ ፒኤችዲ በሐሳባችሁ ካለ፣ እዩት። ቶሎ ሥራ ለመያዝ ለሚፈልግ ግን አልመክርም።

እሺ፣ እንዴት ልወስን?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ መጀመሪያ አንድ ፕሮቶኮል አንብቡ። ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ከ2000 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ውጤታቸው ከገባ ጥናቶች ብዙዎቹ ሙሉ ፕሮቶኮላቸውና የስታቲስቲክስ ትንተና ዕቅዳቸው አብሮ ተጭኗል። በነፃ ይወርዳል። የምታውቁት በሽታ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ምረጡና ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እለፉበት። የትኛው ክፍል ላይ ቆያችሁ? የትኛውን ዘላችሁ? የተሳታፊዎች መግቢያ መስፈርት ላይ «ይሄን ሰው ለምን አስቀሩት?» እያላችሁ ከተከራከራችሁ፣ ወይም የጎንዮሽ ጉዳት አዘጋገቡ ላይ ዓይናችሁ ከተተከለ፣ ከማንኛውም የዝንባሌ መጠይቅ የተሻለ መልስ አግኝታችኋል።

ቀጥሎ የኮርስ ዝርዝሩን አምጡ። በብዙ ፕሮግራሞች አብዛኛው ኮርስ ለሁሉም አንድ ነው፤ ዘርፍ የሚባለው በጥቂት ተጨማሪ ኮርሶችና በመጨረሻው የምርምር ሥራ ብቻ ይለያል። «የባዮስታቲስቲክስ ዘርፍ» ተብሎ ከመግቢያው ኮርስ ውጪ ያለው አንድ ኮርስ ብቻ ከሆነ ስሙ ነው ያለው። ተመራጭ የተባሉት ኮርሶችም በየዓመቱ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቁ፤ ወረቀት ላይ ኖሮ አስተማሪ ያጣ ኮርስ ብዙ ነው።

ከዚያ ሥራ ማስታወቂያ። ልትኖሩበት ባሰባችሁበት ቦታ የወጡ ሃያ ያህል ማስታወቂያዎች ሰብስቡና መስፈርታቸውን ብቻ ለዩ። ተደጋግሞ የሚመጣው ምንድን ነው? የስንት ዓመት ልምድ? የትኛው ሶፍትዌር? የሙያ ፈቃድ ይጠይቃል? ብዙ ጊዜ የምታዩት ነገር የዘርፉ ስም ሳይሆን ልምድ ነው። ስለዚህ ተማሪ እያላችሁ ልምድ የሚያስገኝላችሁ ዘርፍ፣ ስሙ ከሚያምረው ይበልጣል።

ደመወዝን በተመለከተ፣ ማየት ነውር የለውም፣ እዩት። ግን በዘርፍ ብቻ አትለኩት፤ በአንድ ዘርፍ ውስጥ በጀማሪና በሰባት ዓመት ባለሙያ መካከል ያለው ልዩነት፣ በሁለት ዘርፎች መካከል ካለው ሊበልጥ ይችላል። ሰባቱን ዓመት የሚያስቆያችሁ ደግሞ ሥራውን መቻላችሁ ነው።

የምርምር አማካሪውን ነገር መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ትንሽ ስለሆነ አይደለም። በሁለት እኩል በሚስቧችሁ ዘርፎች መካከል ከቆማችሁ፣ ጥሩ አማካሪ ያለበትን ያዙ። ጥሩ ስል ታዋቂ ማለቴ አይደለም። ኢሜይል የሚመልስ፣ የተሰበሰበ ዳታ በእጁ ያለ፣ ተማሪዎቹ በሰዓቱ የሚመረቁለት ማለቴ ነው። ዳታ ከዜሮ እሰበስባለሁ ብሎ የሚነሳ የማስተርስ ተማሪ የሥነ ምግባር ፈቃድ ብቻ ስንት ወር ሊፈጅ እንደሚችል አይገምትም። ያለ ዳታ ላይ አዲስ ጥያቄ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ፕሮግራማችሁ ጭራሽ ዘርፍ ከሌለውስ? ራሳችሁ ሥሩት። ሁለት ተመራጭ ኮርስና የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ቀጣሪ የሚያየው እሱን ነው። መቀየር የምትፈልጉም ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር መቀየር ብዙ አያስከፍልም፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ፕሮፖዛል ከጸደቀ በኋላ ግን ዓመት ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ቶሎ ይነገር።

ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ለዘርፉ አስተባባሪ የምትልኩት ኢሜይል አጭር ይሁን፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከዚህ ዘርፍ የተመረቁት አሁን የት ነው የሚሠሩት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ምን ነበር፣ ከመካከላቸው አንዱን ማነጋገር እችላለሁ? የተመራቂ አድራሻ ከሰጧችሁ ደውሉና ትናንት ሥራ ላይ ምን ሲሠራ እንደዋለ ጠይቁት። ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ መልስ ካልመጣ፣ ያንን ዘርፍ ከዝርዝራችሁ ወደ ታች አውርዱት።